እናቴን ይዤ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቁልቢ፣ በአውቶብስና በባቡር

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። እኔ ፍኖተ ሰላም ነው ያለሁት፣ እናቴ ደግሞ ከከተማው ወጣ ብላ ገጠር ነው ምትኖረው፣ 67 ዓመቷ ነው። ወንድሜ ታሞ በተኛበት ጊዜ ለቁልቢ ገብርኤል ተስላ ነበር። እሱ ዳነ፣ ስለቷ ግን እስካሁን አልገባም፣ በየዓመቱ ታህሳስ ሲመጣ እንቅልፍ አይወስዳትም። ዘንድሮ በቃ ልወስዳት ቆርጫለሁ። አውሮፕላኑ አቅሜ አይደለም፣ ስለዚህ እስከ አዲስ አበባ በአውቶብስ ከዛ እስከ ድሬዳዋ በባቡር ብንሄድ ብዬ አሰብኩ። ግን እሷ ከደብረ ማርቆስ አልፋ አታውቅም፣ መኪና ያስታውካታል፣ የደም ግፊት ክኒን ትወስዳለች፣ እግሯም ያብጣል፣ ደግሞ ጾም ነው። ማታ አዲስ አበባ ገብተን በማግስቱ ጠዋት ባቡሩን ብንይዝ ይሆናል? ሰዉ ሁሉ የተለያየ ነገር ነው ሚነግረኝ።
(አንዲት አንባቢ፣ ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን እግዜር ወንድምሽን ማረልሽ። የእናትሽ ነገር ልቤን ነው የነካኝ ምክንያቱም ይሄን መንገድ እኔም ከእናቴ ጋር ሄጄዋለሁ፣ ልክ አንቺ እንዳሰብሽው ነበር ያሰብኩትም፣ ማታ ገብቶ ጠዋት መሳፈር። ስለዚህ መልሱን ከፊት ልንገርሽ፣ እንደሱ አታድርጊ። በአውቶብሱና በባቡሩ መሃል ቢያንስ አንድ ሙሉ የእረፍት ቀን አስገቢ፣ ሁለት ካደረግሽው ደግሞ እሰየው። አውቶብሱ ቢያደክምም ያደርሳል፣ ባቡሩም ያደርሳል፣ ሰው የሚጉላላው ከአንዱ ወርዶ ሌላው ላይ እስኪወጣ ነው።

የኔን ላውራሽ። 2011 ዓ.ም. ታህሳስ ላይ ነው፣ እኔና እናቴ ከደንበጫ ተነሳን። አባይ በረሃ ውስጥ አንድ ከባድ መኪና ተበላሽቶ መንገዱን ይዞት ቆመን ቆመን አዲስ አበባ ስንገባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሆነ። መርካቶ አካባቢ ያገኘነው አልጋ ቤት ገባን። እናቴ ጫማዋን ስታወልቅ እግሯ አብጦ የጫማው ጠርዝ ዙሪያውን ቀለበት ሰርቶባት ነበር፣ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስታ ልታጠልቀው ብትል እምቢ አላት፣ ተረከዙን ረግጣ እንደ ነጠላ ጫማ እየጎተተችው ነው የወጣችው። ኮንትራት ታክሲ ያዝኩና ባቡር ጣቢያ ውሰደን አልኩት። ሹፌሩ ባቡር ጣቢያ ሲባል የሚያውቀው ለገሃርን ነው፣ ለገሃር ወሰደን። በሩ ዝግ ነው። ጥበቃው ወጥቶ እዚህ ባቡር ካቆመ ስንት ዘመኑ፣ አዲሱ እኮ ለቡ ነው ያለው አለን። ከተማውን አቋርጠን ለቡ ስንደርስ መግቢያው ተዘግቷል። እናቴ ጥቅሏ ላይ ቁጭ ብላ መቁጠሪያዋን አውጥታ፣ "ገብርኤል አልጠራኝም ማለት ነው" አለች፣ ሌላ ምንም አልተናገረች። ከዛ አውቶብስ ስንፈልግ፣ ትኬት አልቋል ሲባል፣ ቁልቢ የደረስነው ታህሳስ 20 ነው፣ ንግሱ ባለፈ በማግስቱ። ስለቷን አስገባች፣ ታቦቱ ሲወጣ ግን አላየችም። አሁን በህይወት የለችም፣ እኔ ደግሞ ያቺ አንድ ቀን እስካሁን ትቆጨኛለች። እናትሽ ላይ ይሄ እንዳይደርስ ነው እንዲህ ዘርዝሬ የምፅፍልሽ።

እና ቀኑን ከንግሱ ወደኋላ ነው መቁጠር ያለብሽ። ንግሱ ታህሳስ 19 ነው። 18 ቀን ቁልቢ መውጣት አለባችሁ። 17ን ድሬዳዋ ላይ እረፉ፣ ስለዚህ ባቡሩን 16 ላይ መያዝ ነው፣ የመንገደኛ ባቡሩ ቀን እየዘለለ ሊሄድ ስለሚችል ግን 16 ላይ ባይኖርስ ብለሽ 15ንም አስቢው። ስለዚህ ከፍኖተ ሰላም 13 ላይ ውጡ። ትርፍ ቀን የበዛ ይመስልሻል እኮ፣ ግን ያገራችንን መንገድ አንቺም ታውቂዋለሽ፣ አንዳንዴ ይዘጋል፣ አንዳንዴ ኬላ ላይ ግማሽ ቀን ያስቆማል፣ በዋዜማው መናኸሪያ ሄደሽ በዛ ቀን ከአዲስ አበባ የገቡትን ሹፌሮችና ረዳቶች በአፍሽ ጠይቂ፣ ከሰው ከሰው የተሰማ ወሬ ይዘሽ አትውጪ፣ መንገዱ ጥሩ አይደለም ካሉሽ አንድ ቀን አሳልፊ፣ ለዛ ነው ትርፍ ቀን የያዝነው። የእናትሽ የቀበሌ መታወቂያ ጊዜው አልፎበት ከሆነ ከአሁኑ አሳድሺላት፣ ለኬላውም ለባቡሩም ያስፈልጋል።

አውቶብሱን በተመለከተ። እናትሽን በዋዜማው ከገጠር አምጥተሽ አንቺ ጋ አሳድሪያት፣ በዛው ቀን ጠዋት በእግር ተጉዛ መጥታ መሳፈር የለባትም። ትኬቱን ከዋዜማው ቁረጪ፣ ወንበር ስትመርጪ ከፊት ጎማ በስተኋላ ከኋላ ጎማ በስተፊት ያለውን መሃሉን ያዢ፣ እዛ ጋ መወዛወዙ ይቀንሳል። የመጨረሻውን ወንበር በነፃ ቢሰጡሽ እንኳን እንዳትቀበይ። መስኮት ዳር እሷ ትሁን። እዚህ ላይ የሚያስቸግርሽ ንፋስ መታን ዝጉት የሚለው ሰው ነው፣ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ስለዚህ ገና ስትገቡ ከኋላሽ ላሉት ሰዎች እናቴ ያስታውካታል ትንሽ ትንሽ እከፍታለሁ አይክፋችሁ ብለሽ በትህትና ንገሪያቸው፣ ቀድመሽ ከነገርሻቸው እሺ ነው ሚሉሽ። ለረዳቱም እንደዛው፣ አሮጊት ይዣለሁ፣ እግሯ ያብጣል፣ ቢቻል በየሁለት ሰዓቱ ትንሽ ቁምልን በይው። የኛ ረዳቶች እናት ነች ሲባሉ ልባቸው ይራራል፣ ሳይነገራቸው ግን አያውቁም።

ለማስታወኩ ሎሚ ግማሽ ቆርጠሽ በመሃረብ ያዢላት፣ ጤና አዳምም ካለ ጥሩ ነው፣ ደግሞ ጠንካራ ፌስታል ሶስት አራት። ወደ ሩቅ ትይ እንጂ ወደታች አታቀርቅር። የማቅለሽለሽ ክኒን አለ፣ ግን ከግፊት መድሃኒቷ ጋር ይሄዳል አይሄድም የሚለውን ፋርማሲ ውስጥ የምትወስደውን ክኒን ማሸጊያ አሳይተሽ ጠይቂ፣ ዝም ብለሽ ከሱቅ ገዝተሽ እንዳትሰጫት። አንድ ነገር ልለምንሽ፣ እናቶቻችን መንገድ ላይ ሽንት እንዳይመጣባቸው ብለው ውሃ አይጠጡም፣ የግፊቱንም ክኒን ዛሬ መንገድ ነኝ ብለው ይተዉታል፣ በተለይ ሽንት የሚያሸናውን ዓይነት። እናቴም እንደዛ አድርጋ እንደነበር በኋላ ነው የነገረችኝ። ክኒኑ አይቋረጥ፣ ሰዓቱ ቢቀየር ይሻል እንደሆነ ከመውጣታችሁ በፊት ጤና ጣቢያ ያለውን ባለሙያ ጠይቂ፣ ውሃም በጥቂት በጥቂቱ ትጠጣ። እግሯን መሬት ላይ ተረከዙን ተክላ ጣቶቿን ከፍ ዝቅ እያደረገች ታንቀሳቅስ፣ በቆመበት ሁሉ ደግሞ ወርዳ አስር እርምጃም ቢሆን ትራመድ። ጫማው ሰፋ ያለ፣ ሊላላ የሚችል ይሁን።

ጾሙንስ? ነቢያት ነው፣ እናትሽ በሶና ቆሎ ይዛ ከሆነ ከማንም በላይ ተዘጋጅታለች፣ በሶ በውሃ በጥብጦ መጠጣት ለመንገድ የሚያክለው የለም። ዳቦም ያዙ። ደጀን ወይ ጎሃ ጽዮን ላይ ምሳ ሲቆም ሽሮ አይጠፋም። እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ ብላ በባዶ ሆዷ ክኒን ልትውጥ ከሆነ ግን ይሄን የንስሃ አባቷን አስቀድማ ታናግር፣ አንቺ ብትነግሪያት አትሰማሽም፣ እሳቸው መንገደኛና ታማሚ ነሽ ካሏት ግን ልቧ ያርፋል።

አባይ በረሃን ንገሪያት፣ አስቀድመሽ ንገሪያት። ከደጀን እስከ ጎሃ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን ከደጋው ተነስተሽ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርደሽ መልሰሽ ያንኑ ትወጫለሽ። ሙቀቱ ድንገት ነው የሚመጣው፣ ጆሮ ይደፈናል፣ ማስቲካ ወይ ከረሜላ ስጫት። አውቶብሱ በከባድ ማርሽ እያጓራ ሲወርድ የፍሬን ሽታ ሊሸታት ይችላል፣ አንዳንዴ ነው፣ አትደንግጪ በያት። ከታች ድልድዩ ጋ ስትደርሱ አሮጌው ድልድይና በጃፓን እርዳታ የተሰራው አዲሱ፣ ህዳሴ ድልድይ የሚባለው፣ ጎን ለጎን ይታያሉ፣ ስልክሽን ግን ቦርሳሽ ውስጥ አድርጊ፣ ፎቶ አያስነሱም። እናቴ እዛ ስንደርስ ተነስታ ቆመች፣ አባይን እንዲህ አድርጋ አይታው አታውቅም፣ አማተበችና ከነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ካመጣችው ቆሎ አንድ እፍኝ በመስኮት በተነችለት። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

አዲስ አበባ ስትገቡ። እዚህ ጋ ነው ልብ ማለት ያለብሽ። የሩቅ ባቡሩ ለገሃር አይደለም የሚነሳው፣ ለገሃር የድሮው ነው፣ ያ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የፈረንሳዮቹ ባቡር የነበረበት። ከተማ ውስጥ ከአናት በላይ በድልድይ የሚሄደው ቀላል ባቡርም አይደለም፣ እሱ በ2008 ዓ.ም. የጀመረ የከተማ ትራንስፖርት ነው፣ ለቡም አያደርስሽም። ያንቺ የኢትዮ ጅቡቲ ባቡር ነው፣ መስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ጣቢያው ፉሪ ለቡ ይባላል፣ ከከተማው በደቡብ ምዕራብ ዳር። ታክሲ ስትይዢ ባቡር ጣቢያ ብቻ እንዳትይ፣ ለቡ፣ የጅቡቲው ባቡር ጣቢያ ብለሽ አስረግጠሽ ንገሪ። ማደሪያችሁንም አውቶብስ ተራ አካባቢ ሳይሆን ጀሞ ወይ ለቡ ጋ ፈልጊ፣ ፔንሲዮን አይጠፋም፣ የመጀመሪያዋን ሌሊት ደክሟችሁ መርካቶ ብታድሩም በማግስቱ ረፈድ ሲል ወደዛ ተሻገሩ። በእረፍቱ ቀን እናትሽ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ትተኛ፣ አንቺ ጣቢያው ድረስ ሄደሽ መንገዱን በአይንሽ እይው፣ ትኬቱን ቁረጪ። እንደውም አዲስ አበባ ዘመድ ካለሽ ትኬቱን ከሳምንት በፊት ያስቆርጥልሽ፣ የቁልቢ ሰሞን ሰው ይበዛል። የሁለታችሁም ስም መታወቂያው ላይ እንዳለው በትክክል ይፃፍ።

ትኬት ላይ ወንበርም አልጋም አለ። አልጋው ሁለት ዓይነት ነው፣ አንዱ ክፍል ውስጥ 6 ሰው በሶስት ደርብ፣ ሌላኛው 4 ሰው በሁለት ደርብ። ገንዘብሽ ከፈቀደ ለእናትሽ አልጋ፣ እሱም የታችኛውን። ላይኛውን ቢሰጡሽ አትቀበይ፣ በመሰላል የሚወጣ ነው፣ ለሷ አይሆንም። ይሄ ብቻ ነው ከአውቶብስ የሚለየው ብልሽ አላጋነንኩም፣ እግሯን ዘርግታ ትሄዳለች፣ ስትፈልግ ተነስታ ኮሪደሩ ላይ ትንጎራደዳለች፣ መፀዳጃ ቤቱም እዛው ፉርጎው ውስጥ ነው፣ ረዳት ለምኖ ማስቆም የለም።

ጠዋት ባቡሩ ከመነሳቱ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ቀድማችሁ ድረሱ፣ እንደ ኤርፖርት ነው፣ ዕቃ በማሽን ያልፋል፣ ሰውም ይፈተሻል። የስንቅ ቢላ አትያዙ፣ ዳቦውን ቤት ቆራርጣችሁ ያዙ። ክብሪት፣ ላይተር፣ የሚቀጣጠል ነገር እንዲሁ። ለስለት ያመጣችው ጧፍና ጃንጥላ ከሆነ ችግር የለውም፣ ጃንጥላውን ግን እጇ ላይ ትያዘው፣ ዕቃ ስር ገብቶ ዘንጉ ቢሰበር ታዝናለች።

ከተነሳችሁ በኋላ ቢሾፍቱን፣ ሞጆን፣ አዳማን አልፋችሁ መተሃራ ስትደርሱ በሰቃ ሐይቅ ይታያታል፣ ያ ሐይቅ በየጊዜው እየሰፋ የድሮውን ሐዲድና አስፋልቱን ያስቸገረ ነው፣ ከጀርባው ፈንታሌ ተራራ አለ። አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ ከዛ ወዲያ ሜዳውና ግራሩ ነው፣ ግመል ታያለች፣ ለኛ ሰው ግመል ማየት ራሱ አንድ ወሬ ነው። አንዳንዴ ከብት ወይ ግመል ሐዲዱ ላይ ወጥቶ ባቡሩ ይቆማል፣ ይዘገያል፣ ስለዚህ በዚህ ሰዓት እንገባለን ብለሽ ድሬዳዋ ላለ ሰው ቁርጥ ያለ ቀጠሮ አትስጪ። ሁሉም ደህና ከሆነ ከተነሳችሁ ከ7 እስከ 8 ሰዓት ያህል ተጉዛችሁ ትገባላችሁ።

ድሬዳዋ አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ነው፣ ከዛ በባጃጅ ወይ በታክሲ ወደ ከተማ። ማታ አጎበር ያለው አልጋ ጠይቂ፣ ወባውንም ደንጉ የሚባለውን ትኩሳትም ትንኝ ነው የሚያመጣው፣ የደንጉዋ ትንኝ ደግሞ ቀን ነው የምትናከሰው፣ ረጅም እጅጌ ልበሱ። አሁን አንድ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር፣ ድሬዳዋ ሞቃት ነው ብሎ ጋቢውን አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ትቶ ይሄዳል። ቁልቢ ደጋ ነው እህቴ! ዋዜማውን ውጭ ነው የምታድሩት፣ ብርዱ የኛን የጮቄን ብርድ ያስታውስሻል፣ ጋቢ ለሁለታችሁም፣ ካልሲም ጨምሪ።

18 ቀን ጠዋት በጊዜ ከድሬዳዋ በሚኒባስ ትወጣላችሁ፣ ዳገቱን ወጥታችሁ ደንገጎ ላይ መንገዱ ይከፈላል፣ በግራ ሐረር፣ በቀኝ ቁልቢ። ከሰዓት በኋላ ብላችሁ ካረፈዳችሁ መኪናው ጥቅጥቅ ይላል፣ በእግሩ የሚጓዘው ምዕመንም መንገዱን ስለሚሞላው መኪና ቀስ እያለ ነው የሚያልፈው። እናትሽ ደብሩን ራስ መኮንን ወደ አድዋ ሲዘምቱ ተስለው ሲመለሱ እንዳሰሩት የሚነገረውን ታሪክ ታውቀው እንደሆነ ጠይቂያት፣ ካላወቀች መንገድ ላይ አጫውቻት፣ የሷም እኮ የዚሁ ዓይነት ነው፣ ተስላ፣ ሆኖላት፣ ልትሰጥ ነው የምትሄደው።

አንድ ነገር ሳልደብቅሽ ልንገርሽ። ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር የሚሄደው አውቶብስ በቁልቢ ነው የሚያልፈው፣ ስለዚህ በአውቶብስ ብትሄጂ ድሬዳዋ ሳትገቢ እዛው ትወርጃለሽ፣ በቀን አንፃር እሱ ያጥራል። ያንቺ እናት ጤነኛ እግር ቢኖራት እሱን ነበር የምልሽ። ግን ከሚኤሶ በኋላ ወደ ጭሮና ሂርና የሚወጣው የጨርጨር ተራራ መንገድ ጠመዝማዛ ነው፣ ለሚያስታውከው ሰው ከአባይ በረሃ አይተናነስም፣ አንድ ሙሉ ቀን ደግሞ ጉልበቷን አጥፋ ነው የምትቀመጠው። በባቡሩ አልጋ ላይ ሄዳ ድሬዳዋ አርፋ ብትወጣ ይሻላታል። ስትመለሱ ደግሞ ስለቱ ገብቷል፣ ልቧ ቀሏል፣ አትቸኩሉ፣ 20 ቀን ድሬዳዋ አርፋችሁ ባቡሩ ባለበት ቀን ተመለሱ፣ አዲስ አበባ ላይ አሁንም አንድ ቀን እደሩ። በጠቅላላው ለአስራ ሁለት ወይ ለአስራ ሶስት ቀን የሚሆን ገንዘብ ያዢ፣ የመመለሻውን ለብቻው ቋጥረሽ።

ስትመለሱ እንዴት እንደሆነላችሁ ብትፅፊልኝ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ከቢቸና ነው የምፅፍልህ። ልጄ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ተመድቦልኛል፣ የመጀመሪያ ልጄ ነው፣ ብቻውን አገር አቋርጦ አያውቅም። አብሬው ልሂድ ብል የአጨዳ ሰሞን ሆነብኝ፣ እኔ ገበሬ ነኝ። ብቻውን ብልከው ምን ምን ልንገረው? ፍራሽም ልጭንለት አስቤ ነበር።
(አንድ አባት)

መልስ፦ አባቴ፣ እንኳን ደስ አለዎት፣ ልጅዎን ለዚህ ማድረስዎ ቀላል ነገር አይደለም። ፍራሹን ይተውለት፣ አልጋና ፍራሽ እዛው ግቢው ይሰጠዋል፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላና የትራስ ጨርቅ ግን ይያዝ። ዕቃው አንድ ሻንጣና አንድ የትከሻ ቦርሳ ብቻ ቢሆን ነው የሚሻለው፣ አውቶብስ ተራ ላይ ሶስት አራት ዕቃ የያዘ አዲስ ልጅ ሲያዩ ተሸካሚውም ደላላውም ይከብበዋል፣ አንዱን ሲጠብቅ አንዱ ይጠፋበታል።

ከሁሉም በላይ የትምህርት ማስረጃው፣ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ውጤቱ፣ ትራንስክሪፕቱ፣ ጉርድ ፎቶው፣ ኦሪጅናሉም ኮፒውም በፕላስቲክ ታሽጎ የትከሻ ቦርሳው ውስጥ ይሁን፣ አውቶብሱ ጣራ ላይ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ በፍፁም አይግባ። ዝናብ ይመታዋል፣ ሻንጣ ይቀያየራል። ከመሄዱ በፊት ሁሉንም በስልክ ፎቶ አንስቶ ለእርስዎም ለአንድ ዘመድም ይላክ። ገንዘቡንም ሁለት ቦታ ይክፈለው፣ የዕለቱን ኪሱ፣ ሌላውን ባንክ።

ከቢቸና ደጀን ወጥቶ ከዋናው መንገድ ይገናኛል፣ እስከ አዲስ አበባ የአንድ ቀን መንገድ ነው። አዲስ አበባ የአገር ሰው ካለዎት አውቶብስ ተራ ወጥቶ ይቀበለው፣ ይሄን ነገር አደራ። ካልሆነም አንድ ዓይነት ምድብ የደረሳቸው ልጆች ከምሥራቅ ጎጃም ብቻቸውን አይሆኑም፣ ትምህርት ቤቱን ይጠይቁ፣ ሶስት አራት ሆነው ይሂዱ። ወጣት ስለሆነ ከላይ ለእህታችን እንዳልኩት ቀን ሙሉ ማረፍ አያስፈልገው ይሆናል፣ ባቡሩን ከመረጠ ግን በዛው ማታ ገብቶ ለጠዋቱ አይሩጥ፣ ትኬት ሳይቆርጥ ለቡ ሄዶ መቆምም አይጠቅመውም። ዩኒቨርሲቲዎች በመግቢያው ሰሞን ብዙ ጊዜ መናኸሪያ ላይ አዲስ ተማሪ የሚቀበል ሰውና መኪና ያቆማሉ፣ የመግቢያውን ትክክለኛ ቀን አይቶ በሱ ቀን ይድረስ፣ ቀድሞ ሄዶ አልጋ ቤት ገንዘቡን እንዳይጨርስ።

እና አባቴ፣ ማታ ማታ ደውልልኝ ይበሉት። ስልኩ ቢዘጋ የሚደውልበት የእርስዎን ቁጥር በወረቀት ፅፈው ቦርሳው ውስጥ ይክተቱለት፣ የዛሬ ልጅ ቁጥር በቃሉ አይዝም።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ላለችው እህቴ ከዳንግላ ማርና የተነጠረ ቅቤ በሚሄድ ሰው ልልክ ነው፣ ባለፈው የላኩት ፈሶ ልብስ አበላሸ። እንዴት ልሸገው? ትንሽ አረቄም ነበር።
(ከዳንግላ)

መልስ፦ አረቄውን ተዪው፣ የሚቀጣጠል ነገር ስለሆነ በባቡር ከሆነ ፍተሻ ላይ ይቀርብሻል፣ ተሸካሚዋንም ታስቸግሪያታለሽ። ማሩን እስከ አንገቱ አትሙዪ፣ ደጋ ላይ ረግቶ የነበረ ማር አባይ በረሃ ሲገባና ድሬዳዋ ሲደርስ ይላላል፣ እርጥበት ያለው ከሆነ ደግሞ ሙቀት ሲያገኝ ይኮመጥጥና አየር ይፈጥራል፣ ያኔ ነው ክዳኑን ገፍቶ የሚወጣው። አራት ጣት ያህል ክፍት ተዪለት። ክዳኑ ስር ፌስታል አጥፈሽ አድርጊና ጥብቅ አድርገሽ ክደኚ፣ ከላይ በማጣበቂያ ፕላስተር ዙሪያውን፣ ከዛ ሁለት ፌስታል ደርበሽ ቋጥሪ። ቅቤው እዛ ሲደርስ ሙሉ በሙሉ ዘይት ነው የሚሆነው፣ ስለዚህ በሰሃን ወይ በቅል ሳይሆን ክዳኑ በሚጠመዘዝ የፕላስቲክ ዕቃ ይሁን። ሁለቱም ጣራ ላይ ፀሃይ ላይ አይጫኑ፣ ወንበር ስር፣ ቀጥ ብለው፣ በዘንቢል ውስጥ ግራና ቀኝ በጨርቅ ተወጥረው ይሂዱ። ዘንቢሉ ላይ የእህትሽን ስምና ስልክ በማርከር ፃፊበት።